አንድ ዓመት በሰው አገር

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለዛሬው ወጣት የሚሠራ አይመስልም። የዛሬው ወጣት ያላየው አገር ይናፍቀዋል። ከደብረ ታቦር ገበያ ዳር ቆሞ የኬፕ ታውንን ባሕር፥ የዛምቤዚን ፏፏቴ፥ የካላሃሪን በረሃ በዓይነ ኅሊናው ይመለከታል። ትምህርቱን የጨረሰው፥ ወይም የመንግሥት ሥራ ከያዘ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው፥ «አንድ ዓመት ብቻ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ወጥቼ፥ ሌላውን ሕዝብ አይቼ፥ በበጎ ፈቃድ አገልግዬ ብመለስ» ብሎ የሚመኝ ወጣት ቁጥሩ ትንሽ አይደለም።

እኛም ይህን ምኞት አንነቅፍም። ወጣትነት ካልተጓዘ መቼ ሊጓዝ ነው? ነገር ግን ምኞት ሁሉ መልካም ቢሆንም አካሄድ ሁሉ መልካም አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ልናቀርበው የምንወደው ጥያቄ «እንሂድ ወይስ እንቅር?» የሚል አይደለም፤ «ማን ሆነን እንሂድ? ምንስ ይዘን እንመለስ?» የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት አስቀድሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጉና ተራራ አጠገብ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርስዋ ተነሥቶ በጋይንት በኩል የሚዘልቀው ደጋ አገር፥ ከቤት ወጥቶ በሰው አገር መኖር ምን እንደ ሆነ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚያውቅ ምድር ነው። ድጓ ለመማር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ የሚጓዘው የቆሎ ተማሪ፥ ከጎጃም ይምጣ ከወሎ፥ ከሸዋ ይምጣ ከትግራይ፥ በዚህ ደጋ ላይ ለአገሩ ባዳ ለሰው እንግዳ ሆኖ ኖሯል። ለምዱን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ በየደጁ ቆሞ ቁራሽ እየለመነ፥ የመምህሩን ውኃ እየቀዳና እንጨት እየለቀመ፥ አንዱን ትምህርት እስኪፈጽም ብዙ ዓመት ይቀመጣል።

የቆሎ ተማሪውን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። እርሱ ሁለት ነገር አጣምሮ ይዟል፤ ማገልገልንና መማርን። ወደ ሰው አገር ሲገባ «ላስተምራችሁ መጣሁ» አይልም፤ የእንግዳ ተቀባዮቹ እንጀራ ዕዳ እንዳለበት ያውቃል። ከዚያ በኋላ መምህር ሆኖ ቢቀር ወይም ወደ አገሩ ቢመለስ፥ የሚያስተምረው በመጀመሪያ ስለ ተማረ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለውም ለዚህ ነው። ዛሬ «በጎ ፈቃደኛ» የሚለውን ስም ይዞ ድንበር የሚሻገር ወጣት ከዚህ አሮጌ ሥርዓት ብዙ ሊማር ይችላል እንላለን።

ወደ ደጋው የመጡት የአገር ልጆች ብቻ አልነበሩም። ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ የምትገኘው ጋፋት ሌላ ታሪክ አላት። ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በኢየሩሳሌም የነበሩት የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት አሳስበው፥ በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና የተማሩ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እነዚህ ሰዎች ባለ እጆችም ሰባኪዎችም ነበሩ። ልባቸው የመጣው ለስብከት ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ግን የፈለጉት የእጃቸውን ጥበብ ነበር። ስለዚህ በጋፋት ተቀመጡ፥ መንገድ ሠሩ፥ ሠረገላ ሠሩ፥ በመጨረሻም መድፍ አፈሰሱ። ቫልድማየርና ዛልሙለር የተባሉት ሁለቱ የንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅ የነበረውን የጆን ቤልን ልጆች አገቡ። ስሙ የታወቀው ሴባስቶፖል፥ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚደርሰው መድፍ፥ የተሠራው በዚሁ ስፍራ ነው።

የሴባስቶፖልን መጨረሻ የማያውቅ ተማሪ የለም። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ መድፉን ሰው እየጎተተው፥ ፊት ፊቱ ገደሉ እየተናደና መንገድ እየተጠረገ፥ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሁሉ ነገር አለቀ። ባለ እጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ የጋፋትም ምድጃ ጠፋ። ያን ጥበብ ተቀብሎ የሚያሳድግ ትምህርት ቤት ወይም ፋብሪካ በስፍራው አልቀረም።

አሁን ዓይናችንን ከጉና ወደ ደቡብ እናንሣ። ያንኑ ዘመን የሚመስል ታሪክ ከአፍሪካ ጫፍ አጠገብ፥ ዛሬ ሌሶቶ በምትባለው ተራራማ አገር ተፈጽሟል። የባሶቶ ንጉሥ ሞሾሾ ቀዳማዊ ታባ ቦሲኡ በምትባል ጠፍጣፋ አምባ ላይ ተቀምጠው፥ ከየአቅጣጫው የሚሸሸውን ሕዝብ እየሰበሰቡ መንግሥት መሥርተዋል። የኢትዮጵያ ደገኛ ይህችን አምባ ቢያያት በእርግጥ የአገሩን አምባ ያስታውሳል። ሞሾሾም እንደ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሰዎች ጥበብ እንደሚያስፈልጋቸው ተረድተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1833 ሦስት ፈረንሳውያን ሚስዮናውያን ተቀበሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ባለ እጅ ነበር። ሞሾሾ ግን ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀሙት በእንግዶቹ ብዕር ነው። ካዛሊስ የተባለው ሚስዮናዊ ለንጉሡ የውጭ ጉዳይ አማካሪና ደብዳቤ ጸሐፊ ሆነ፤ የሶቶ ቋንቋም መጻፍና መታተም ጀመረ።

የሚያስገርመው ነገር የሁለቱ ነገሥታት ዕጣ በአንድ ወር ውስጥ መገናኘቱ ነው። ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ይዘው መቅደላ በደረሱበት በመጋቢት 1860 ዓ.ም. እንግሊዝ ባሶቶላንድን በጥበቃዋ ሥር ማድረጓን አስታወቀች። ጥበቃውን የጠየቁት ሞሾሾ ራሳቸው ነበሩ። ይህን ስንል አንዱን ንጉሥ አመስግነን ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ሞሾሾም ቢሆኑ ከካሌዶን ወንዝ ማዶ የነበረውን ለም መሬታቸውን በቦየሮች ተነጥቀዋል፤ ሕዝባቸውም መስከረም 24 ቀን 1959 ዓ.ም. ነጻነቱን እስኪያገኝ ድረስ በሌላ መንግሥት ሥር ኖሯል። ለእኛ የሚጠቅመን ትምህርት ሌላ ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ የሚያመጣው ጥቅም ልኩ የሚታወቀው እንግዳው በሄደ ማግስት ነው። ሥራው በአገሬው እጅ ከቀረ አገልግሎት ነበር፤ ከእንግዳው ጋር ከሄደ ግን ጉብኝት ነበር ማለት ነው።

ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወደ 300 የሚጠጉ አሜሪካውያን ወጣቶች በሰላም ጓድ ስም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ብዙዎቹ ኮሌጅ ከጨረሱ ብዙ ያልቆዩና ከአገራቸው ወጥተው የማያውቁ ነበሩ። ማገልገል የነበረባቸው ለሁለት ዓመት ነው። የባዕድ ልጅ ከባሕር ማዶ መጥቶ በገጠር ከተማ ሲያስተምር ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ «የእኛስ ተማሪዎች?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም ነበር።

መልሱም ሳይዘገይ መጣ። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለውን ሥራ ጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ወጥቶ በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል የሚያዝ ደንብ ነበር። አገልግሎቱ ግዴታ መሆኑ በተማሪዎቹ ዘንድ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በመምህርነት ነው። ይሁን እንጂ የከተማው ልጅ፥ አገሩን ከካርታ ላይ ብቻ ያውቅ የነበረው፥ አገሩን በእግሩ ያወቀው በዚያ ዓመት ነው ለማለት ያስደፍራል። ከአሥር ዓመት በኋላ፥ ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። የዚያ ዘመቻ መልካምና ክፉ ጎን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ነገር ግን የዘመተው ትውልድ ከሞላ ጎደል ሁሉም «ካስተማርነው የተማርነው ይበልጣል» ሲል እንሰማለን።

ጉና ግርጌ አንድ አዛውንት ገበሬ አግኝተን ስለዚያ ጊዜ ጠይቀናቸው ነበር። «አባባ፥ ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣውን መምህር ያስታውሱታል?» ብንላቸው ሣቅ አሉና «እንዴት እረሳዋለሁ ልጆቼ!» አሉ። «ሲመጣ ዓይናችን ጫማው ላይ ነበር። እርሱም እኛን ሁላችንን 'አንተ' ብቻ ይለን ነበር። ዓመቱ አልቆ ሲሄድ ግን የእያንዳንዳችንን ስም ከነአባታችን፥ የላሞቻችንን ስም እንኳ ያውቅ ነበር። ሒሳቡ ዛሬ ተረስቶኛል። ስሜን ማወቁ ግን አልተረሳኝም» አሉን። ይህ አነጋገር የአንድ ዓመት አገልግሎት ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን ሊሠራ እንደማይችል አንድ ላይ ያስረዳል።

ይህ የእኛ ብቻ ልምድ አለመሆኑንም ማወቅ ይገባል። የሰላም ጓድ ወደ እኛ በመጣበት በዚያው በ1955 ዓ.ም.፥ የዘር መድልዎን ተቃውሞ የዲፕሎማትነት ሥራውን የተወው ደቡብ አፍሪካዊው ፓትሪክ ቫን ሬንስበርግ በቤችዋናላንድ በሰሮዌ ስዋኔንግ ሂል የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ከውጭ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከተማሪዎቹ ጋር ድንጋይ እየተሸከሙ ሠሩት። ከሁለት ዓመት በኋላም ትምህርታቸውን መቀጠል ላልቻሉ ልጆች «ብርጌድ» የተባለውን አቋቋመ፤ ልጆቹ ግንበኝነትን እየተማሩ ሕንጻ ይሠራሉ፥ ከሥራቸውም ዋጋ የትምህርታቸው ወጪ ይሸፈናል። አገሪቱ በመስከረም 1959 ዓ.ም. ነጻ ወጥታ ቦትስዋና ከተባለች በኋላ ብርጌዶቹ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፉ። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2000 ደግሞ «ቲሬሎ ሴቻባ»፥ ማለት የሕዝብ አገልግሎት፥ በሚባል ደንብ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የፈጸሙ ወጣቶች ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ሩቅ መንደሮች እየሄዱ አገልግለዋል። የእኛ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትና የእነርሱ ቲሬሎ ሴቻባ ሳይተዋወቁ የተወለዱ ወንድማማቾች ይመስላሉ።

እንግዲህ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ የሚሄድ ወጣት ባዶ ሜዳ ላይ አይሄድም፤ ታሪክ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1892 በፕሪቶሪያ ማንጌና ሞኮኔ ከነጮች ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ የራሱን ሲመሠርት «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ሰየማት፤ ያውም ከዓድዋ ድል አራት ዓመት ቀደም ብሎ። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ደቡብ አፍሪካን በ1953 ዓ.ም. በዓለም ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ በ1958 ዓ.ም. ድምፁ እኩል ተከፍሎ በሰብሳቢው ድምፅ ክሱን ቢመልሰውም፥ አገሪቱ በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ናሚቢያ ተብላ ነጻ ወጥታለች።

ኔልሰን ማንዴላም በ1954 ዓ.ም. ወደ እኛ መጥተው ነበር። ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲጓዙ አብራሪው ጥቁር መሆኑን ባዩ ጊዜ ለቅጽበት መደንገጣቸውን በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ራሳቸው ጽፈዋል። ጥቁር ሰው አውሮፕላን ያበርራል ብሎ ልባቸው እንዳያምን ያደረገው በአገራቸው ያደጉበት ሥርዓት መሆኑን ወዲያው ተረዱት። ኋላም በኮልፌ የጦር ትምህርት ጀመሩ፤ ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሳይፈጸም ተጠርተው ተመለሱ፥ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። ያች የአውሮፕላን ላይ ድንጋጤ የጉዞን ጥቅም ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ታስረዳለች። ጉዞ ሌላውን አገር ብቻ አያሳይም፤ በራሳችን ውስጥ ተደብቆ የኖረውን የተሳሳተ ሐሳብ ጭምር ያወጣዋል። የእኛም ወጣት ደቡብ ሲወርድ እንዲህ ያለ የራሱ ድንጋጤ እንደሚጠብቀው ይወቅ።

ወደ ደቡብ የሚወስድ ሌላ መንገድ መኖሩን ግን ዝም ብለን ልናልፈው አይገባንም። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን፥ ይልቁንም ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ፥ ኬንያን፥ ታንዛኒያን፥ ማላዊንና ሞዛምቢክን እያቋረጡ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። በጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍተው፥ ዕቃ በጀርባቸው ተሸክመው፥ ቤተሰብ የሚረዱ ታታሪዎች ሞልተዋል። መንገዱ ግን ደም የጠጣ መንገድ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ አውራጃ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ኢትዮጵያውያን ተገኝተዋል። በጎ ፈቃደኛው ፓስፖርቱን ይዞ በአውሮፕላን በሚያልፍበት ሰማይ ሥር ወንድሙ በጨለማ ይጓዛል። ስለዚህ በማሴሩ ወይም በጋቦሮኔ አንድ ዓመት የሚቀመጥ ወጣት፥ እርሱ በምርጫው እንደ ሄደና ሌላው በችግር እንደ ሄደ አይርሳ፤ ያገሩን ልጅ ባገኘ ጊዜም ፊቱን አያዙር።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። «ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ በእብናትና በስማዳ፥ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት ዝናብ ሲቀር የሚራብ ሕዝብ አለ፤ ታዲያ የራሱ ቤት ሲያፈስ የጎረቤቱን ጣራ ሊከድን የሚሄድ ማን ነው?» የሚሉን አሉ። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው፤ በቀላሉም የሚመለስ አይደለም። መልሳችንም ይህ ነው። በደጋው ያላገለገለ ወጣት ወደ ደቡብ ይዞት የሚሄደው ነገር የለውም። በበጋ ወራት ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ ሲወጣ አካፋ ይዞ እርከን ያልሠራ፥ አንድ ክረምት እንኳ ለመንደሩ ልጆች ፊደል ያላስቆጠረ ሰው፥ በሌሶቶ ተራራ ላይ ምን ሊሠራ ነው? ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት የጉና ዓመት ይሁን እንላለን። ሁለተኛው ዓመት የደቡብ ቢሆን ግን ለጉና የሚቀርባት የለም፤ ይልቁንም ታተርፋለች።

እንዴት ታተርፋለች? ሌሶቶን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። መሬቷ በሙሉ ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ደገኛዋ እንደ እኛ ደገኛ ብርዱን ለመቋቋም ወፍራም ብርድ ልብስ ተከናንቦ በፈረስ ይሄዳል። ጎርፍ የሸረሸረው ቦረቦር በየኮረብታው ላይ ይታያል፤ ልክ በፋርጣና በጋይንት እንደምናየው። በዚያም ወንዶች ልጆች ከብትና በግ ጠባቂ ሆነው ከትምህርት ስለሚቀሩ፥ ከብቱ ከገባ በኋላ በማታ የሚያስተምሯቸው ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። አንድ የደብረ ታቦር ወጣት በእንደዚህ ያለ የማታ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ቢያገለግል፥ ለጋይንት እረኛ የሚሆን ሥራ ተምሮ ይመለሳል። ሌሶቶ ደግሞ የተራራዋን ውኃ ገድባ ለደቡብ አፍሪካ ትሸጣለች። ከጉና የሚነሡትን ርብንና ጉማራን የሚያውቅ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የዚያን ውል ጥቅምና ጉዳት በቦታው ሆኖ ቢመረምር፥ ለቢሮው የሚያቀርበው ሪፖርት ከሌላ የተቀዳ አይሆንም።

የማይጠቅመውንም አካሄድ መጥቀስ ይገባናል። በደቡባዊ አፍሪካ በጎ ፈቃድ የንግድ ዕቃ የሆነበት ቦታ አለ። ወጣቱ ገንዘብ ከፍሎ ለሁለት ሳምንት ወላጅ አልባ ሕፃናት ወደሚያድጉበት ቤት ይገባል፥ ሕፃናቱን አቅፎ ፎቶግራፍ ይነሣል፥ ከዚያ አንበሳ ለማየት ይሄዳል። ሕፃኑ ግን በየሁለት ሳምንቱ የሚወደው ሰው ይሄድበታል። ይህ በሽታ ወደ እኛም እንዳይገባ እንፈራለን። እኛ ራሳችን በወጣትነታችን በአንድ ከተማ ከጓደኞቻችን ጋር ሆነን የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ቀለም ቀብተን፥ ተደስተን፥ ተጨብጭቦልን ተመልሰናል። በዓመቱ ብናልፍ ግድግዳው ተልጧል፤ የትምህርት ቤቱ ጣራ ያን ጊዜም ያፈስ ነበር፥ እኛ ግን አልጠየቅንም ነበር። የመምህራኑን ፊት ለማየት አፍረን አለፍን። ይህን ጽሑፍ ካስጻፉን ነገሮች አንዱ ያ እፍረት ነው።

ስለዚህ ለመሄድ ላሰበ ወጣት ጥቂት ምክር እንስጥ።

አንደኛ፥ ማን እንደ ጠራህ እወቅ። የሚያስፈልገውን የሚያውቀው የመንደሩ ሰው ነው። ጋባዥ የሌለው እንግዳ ሸክም ነው።

ሁለተኛ፥ ከሁሉ በፊት ሰላምታቸውን ተማር። በሌሶቶ ለሽማግሌ «ዱሜላ ንታቴ» ሲባል «ጤና ይስጥልኝ አባቴ» ማለት ነው። ደጋችን ላይ አንድ ፈረንጅ «እንደምን አደሩ» ሲል ስንት በር እንደሚከፈትለት የምታውቅ አንተ፥ የእነርሱም በር እንደዚያው መሆኑን አትርሳ።

ሦስተኛ፥ አንድ ሰው አስተምረህ ተመለስ። የምትሠራውን ሥራ አንተ ስትሄድ የሚቀጥለው የመንደሩ ልጅ ከጎንህ ከሌለ፥ ሥራህ እንደ ጋፋት ምድጃ አንተ በወጣህ ማግስት ይጠፋል።

አራተኛ፥ የምትጓዝበትን ጊዜ ከምታገለግልበት ጊዜ ለይ። ፏፏቴውንም፥ ባሕሩንም፥ የሮበን ደሴትንም ተመልከት፤ ማየት ኃጢአት አይደለም። ጉብኝትን አገልግሎት ብሎ መጥራት ግን ሐሰት ነው።

አምስተኛ፥ ያየኸውን ማታ ማታ ጻፍ። የተሳሳትከውንም ጭምር ጻፍ። ከአንተ በኋላ የሚሄደው ከመልካም ሥራህ ይልቅ ከስሕተትህ ይማራል።

ይህ ሁሉ ለግለሰብ ብቻ የሚተው ጉዳይም አይደለም። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ባቋቋመው የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ አማካይነት ወጣቶች ከአገራቸው ውጭ በሌላ የአፍሪካ አገር ለአንድ ዓመት እንዲያገለግሉ ሲያደርግ ቆይቷል። የኅብረቱ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው በአዲስ አበባ ሆኖ ሳለ፥ ስለዚህ ጓድ የሚያውቅ የደብረ ታቦር ተማሪ ስንት ነው? በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና በየደረጃው ያሉ መሥሪያ ቤቶች ይህን ለወጣቱ ቢያስረዱ፥ ተመልሶ የመጣውንም መድረክ ሰጥተው ቢሰሙት፥ ወጪው ትንሽ ሆኖ ጥቅሙ ብዙ ነው። ከሌሶቶና ከቦትስዋናም ወጣቶች መጥተው በጉና ግርጌ ቢያገለግሉ፥ ያን ጊዜ ነገሩ እርዳታ መሆኑ ቀርቶ የጎረቤት ደቦ ይሆናል። ዛሬ የእኔን ታጭዳለህ፥ ነገ የአንተን አጭዳለሁ እንደሚባለው ማለት ነው።

ወጣቶቻችን ሆይ፥ ሂዱ። ስትሄዱ ግን እንደ ቆሎ ተማሪው ሂዱ፤ የመማር ረሃብ ይኑራችሁ፥ የሰው እንጀራ ዕዳ መሆኑንም እወቁ። ስትኖሩ ያ አዛውንት እንዳስታወሱት መምህር ኑሩ፤ የሰውን ስም እስከነአባቱ እወቁ። ስትመለሱም ባዶ እጃችሁን አትመለሱ፤ ከማሎቲ ተራራ የተማራችሁትን ለጉና አምጡላት። አባቶቻችን «ዞሮ ዞሮ ከቤት፥ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ያሉት መንገደኛውን ለማስቀረት አይመስለንም፤ የሚመለስበትን እንዲያስብ ነው። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው።